ከመቀየር በፊት መለየት

«መኪናው አልነሳም» ሲባል ሁለት የማይገናኙ ችግሮች በአንድ ስም ይጠራሉ። አንዱ ሞተሪኖው ሞተሩን ማዞር ሲያቅተው ነው፤ ሌላው ሞተሩ እየዞረ አልቀጣጠል ሲል። ሁለቱን ሳይለይ መፍቻ የሚያነሳ መካኒክ የባለመኪናውን ኪስ ያራቁታል። ፍኖተ ሰላምና ቡሬ አስፋልት ዳር ስለሆኑ የተሳሳተ ዕቃ ቢገዛም መመለስ ይቀላል። በደጋ ዳሞቷ ፈረስ ቤት ግን ድንች የጫነ አይሱዙ ቆሞ ዕቃው ከባሕር ዳር ወይም ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ይጠበቃል። ደጋ ዳሞት ላይ መለየት ከመፍታት ይቀድማል የምለው ለዚህ ነው።

የደጋ ሹፌር ማታ መኪናውን ሲያቆም አፍንጫውን ወደ ቁልቁለቱ ያዞራል። ጠዋት ማርሽ አስገብቶ ያንደረድርና ፍሪሲዮኑን ለቀቅ ሲያደርገው ሞተሩ ይነሳል። ይህን ልማድ የሚነቅፉ ባልደረቦች አሉኝ፤ እኔ ግን ያለ ክፍያ የተሠራ ምርመራ አድርጌ እቆጥረዋለሁ። ተንደርድሮ ወዲያው የሚነሳ ሞተር ነዳጁም ኮምፕሬሽኑም ደህና ነው፤ ጥፋቱ የሚፈለገው ከባትሪው እስከ ሞተሪኖው ባለው መስመር ላይ ነው። ተንደርድሮም እምቢ ካለ አዲስ ባትሪ ብቻውን አያስነሳውም።

አሮጌው አይሱዙ ኤን ፒ አር 24 ቮልት ስለሆነ ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች ተቀጣጥለው ይታሰሩበታል። እያንዳንዱን ለየብቻ እለካለሁ። አርፎ የቆየ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ ወደ 12 የወረደው ባዶ ሊሆን ተቃርቧል። ሁለቱም ደህና ሆነው ሞተሪኖው ከተንቀራፈፈ ማሳውን እጠረጥራለሁ። የቴስተሩን አንድ እግር ከሻንሲው ጋር በታሰረው ባትሪ ኔጌቲቭ ምሰሶ ላይ፣ ሌላውን በሞተሩ ብረት ላይ አድርጌ ረዳቱን ቁልፉን እንዲያዞር አዘዋለሁ። ንባቡ ከግማሽ ቮልት ካለፈ የማሳው ሽቦ ዝጓል ወይም ላልቷል። ፈትቶ፣ ፍቆ፣ አጥብቆ ማሰር ይበቃዋል።

እየዞረ የማይቀጣጠል ናፍጣ መኪና ሲሆን ጭስ ማውጫውን አያለሁ። ናፍጣ የሚነደው በታመቀ አየር ሙቀት ነው፤ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ደግሞ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል በሩብ ያህል ያንሳል፤ ብርዱም ይጨመርበታል። ነጭ ጭስ ከወጣ ነዳጁ ደርሷል፣ ሙቀቱ ግን አልበቃም። ምንም ጭስ ከሌለ ነዳጁ ራሱ አልደረሰም።

ቤንዚን የሚጠጡት አሮጌ ላንድ ክሩዘሮች ግን የሚነሱት በካንዴላ ብልጭታ ነው። አንዱን ካንዴላ ፈትቼ ከገመዱ ጋር እንደተያያዘ ሞተሩ ላይ አስተኛዋለሁ። ሲዞር ሰማያዊና ጠንካራ ብልጭታ ከሰጠ ወደ ነዳጁ እዞራለሁ። ቢጫና ደካማ ከሆነ ፑንቲናውን አያለሁ፤ ጫፉ ከጠቆረ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አጽድቼ ክፍተቱን ወደ 0.45 ሚሊ ሜትር እመልሳለሁ።

አንዳንዱ ቤንዚን መኪና በሞተሪኖው ሲዞር ይነሳና ቁልፉ ሲለቀቅ ይጠፋል። ረዚስተር ባለባቸው መኪኖች ለካንዴላው ብልጭታ የሚያመነጨው ቦቢና ዘወትር ኤሌክትሪክ የሚያገኘው በረዚስተሩ በኩል ነው። ሞተሪኖው ሲዞር የባትሪው ቮልት ስለሚወርድ ግን ረዚስተሩን የሚዘል ሌላ ሽቦ በቀጥታ ይመግበዋል። ስለዚህ ቁልፉ ሲለቀቅ የሚጠፋ ከሆነ ረዚስተሩ ወይም ከቁልፉ የሚመጣው መስመር ተቋርጧል። ሲዞር እምቢ ብሎ ቁልፉ በተለቀቀበት ቅጽበት ልነሳ የሚል ከሆነ ደግሞ የተበላሸው የሚዘለው ሽቦ ነው። ባለቤቱ እኔ ዘንድ እስኪደርስ ብዙ ጊዜ ካርቡራተር አስጠርጓል፣ ካንዴላም ቀይሯል።

ስለዚህ ኮፋኖ ከመክፈቴ በፊት ሹፌሩን እጠይቃለሁ፦ ሲዞር ፈጠነ ወይስ አቃሰተ? ጭስ ነበረው? ከቆመ ወዲህ ምኑን ነካችሁት? ሦስተኛውን ጥያቄ ማድበስበስ የሚወድ ብዙ ነው። ነገር ግን በችኮላ የተፈታ ሽቦ በመጀመሪያው ብልሽት ላይ ሁለተኛ ይጨምራል፤ ያኔ ምልክቶቹ ይደባለቃሉ። የነካውን ሁሉ ሳይደብቅ የሚነግረኝ ሹፌር ቶሎ ወደ መንገዱ ይመለሳል።