የተከላ ዘፈንና የጽድቀት ጥያቄ

በየዓመቱ ሐምሌ ሲገባ በጎንደር ከተማና በሰሜን ጎንደር ደጋ ችግኝ ይተከላል፤ ከችግኙም ጋር ዘፈን፣ ግጥምና አጭር ድራማ ይቀርባል። ተካዮቹም ዘፋኞቹም አብዛኛውን ጊዜ ወጣቶች ናቸው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ዓይነቱ ኪነ ጥበብ ወጣቱን የአየር ንብረት ለውጥን ለመቋቋም በእርግጥ ያነሣሣዋልን ብሎ መመርመር ነው። በበኩሌ ጉድለቱ በቅርጹ ላይ ይታየኛል፤ ይኸውም ወጣቱ የተሰጠውን ተቀብሎ እንዲደግም እንጂ የራሱን ቃል እንዲሰጥ ሆኖ አልተሠራም።

የድራማውን አካሄድ ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። አንድ ገበሬ መጥረቢያ ይዞ ይገባል፤ ዛፍ ይቆርጣል፤ ዝናብ ይጠፋል፤ የተማረ ልጅ መጥቶ ይመክረዋል፤ ገበሬው ይጸጸታል፤ በመጨረሻም ሁሉም በአንድነት ይዘፍናሉ። እኔም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማሪ ሳለሁ መካሪውን ልጅ ሆኜ ተጫውቻለሁ። ጭብጨባ አልጎደለብንም። ነገር ግን ከወገራ የመጣ አንድ የክፍል ጓደኛዬ ትርኢቱ ካለቀ በኋላ፥ «ገበሬው የዚያን ዕለት ማታ ራቱን በምን እሳት አበሰለ?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔ መልስ አልነበረኝም፤ ድራማውም አልነበረውም።

ጥያቄው እንደ ቀልድ የሚታለፍ አይደለም። ከጎንደር ወደ ዳባትና ወደ ደባርቅ የሚሄድ መንገደኛ ከሁሉ በፊት የሚያየው ዛፍ ባሕር ዛፍ ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ይህ ዛፍ ማገዶና ማገር ይሆናል፤ ተሸጦም ለልጆች ደብተር ይገዛል። በሌላ በኩል ውሃ ይመጥጣል፤ በጎኑ የተዘራውንም እህል ያቀጭጫል። እንግዲህ «ዛፍ ትከሉ» የሚለው ግጥም የትኛውን ዛፍ፣ በማን መሬት ላይ፣ ለምን ጥቅም የሚለውን ሳያነሣ ቢቀር የገበሬውን ልጅ ዋና ጭንቀት ትቶታል ማለት ነው። ከዚህም ሌላ የምድርን ሙቀት ከሁሉ ይልቅ የጨመረው በበለጸጉት አገሮች ለብዙ ዘመን የነደደው የድንጋይ ከሰልና ነዳጅ ዘይት መሆኑ እየታወቀ፥ ድራማው ኃጢአቱን ሁሉ በአንድ መጥረቢያ ላይ ይጭነዋል። ገበሬው መሬቱን አልጎዳም አልልም፤ የበደሉ ድርሻ ግን በሚዛን ሊቀመጥ ይገባው ነበር።

ወጣትን በዘፈን ማሰለፍ ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም። በደርግ ዘመን በየቀበሌው የኪነት ቡድን ነበር፤ በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ሆነ የተራራ ልማቱ ያለ ዘፈን አልተካሄደም። ፊደሉ ለብዙ ሰው ተረፈ። የተራራው ዛፍ ግን በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በብዙ የአገራችን ክፍል ተጨፈጨፈ። ገበሬው ዛፉን የራሱ አድርጎ ስላልቈጠረው፥ የመንግሥቱ ሥልጣን ሲያበቃ የዛፉም ዕድሜ አበቃ። ስለ ዛፉ የተዘፈነውም ዘፈን ያን ጊዜ «ተው፣ አትቁረጥ» ብሎ የሚሟገት ዘፋኝ አላገኘም፤ ቀድሞም የዘማቹ የራሱ ቃል አልነበረምና።

በ2011 ዓ.ም. የአረንጓዴ ዐሻራ ዘመቻ ተጀመረ፤ ሐምሌ 22 ቀን ብቻ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታወቀ። ይህ የተከላ ቍጥር ነው። አማርኛችን ግን ከተከላ የሚበልጥ ቃል አለው። ችግኝ ሥር ሲይዝ «ጸደቀ» እንላለን፤ ሰውም በሥራው ዋጋ ሲያገኝ «ጸደቀ» እንላለን። ሰምና ወርቅ የሚያውቅ ሕዝብ ይህን የመሰለ ቃል በእጁ ይዞ ሳለ፥ የዘመቻው ግጥም በ«እንትከል» ላይ መቆሙ ያስገርማል። በኬንያ ዋንጋሪ ማታይ እ.ኤ.አ. በ1977 የመሠረተችው የአረንጓዴ ቀበቶ እንቅስቃሴ ለሴቶች ማኅበራት ጥቂት ገንዘብ ይከፍል የነበረው በጸደቀው ችግኝ ቍጥር ነበር። የእኛም ኪነ ጥበብ ምስጋናውን ለጸደቀው ቢያቆየው መልካም ነበር።

ወደ ራሳችን ቅርስ እንመለስ። ጎንደር የአዝማሪ አገር ናት። በአዝማሪ ቤት አድማጩ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪው በማሲንቆው እያጀበ ይቀበላል፤ ከወዲያ ማዶ የተቀመጠውም ሌላ ግጥም ሰጥቶ ይመልሳል። በዚህ ሥርዓት ተቀባዩ ባለሙያው ነው፤ ሰጪው አድማጩ ነው። ቅሬታም ቢሆን በሰሙ ተሸፍኖ በጌታ ፊት ይነገራል። በዘመቻው መድረክ ላይ ግን ነገሩ ተገልብጦ እናገኘዋለን፤ ግጥሙ ከላይ ይመጣል፥ ወጣቱም «ተቀበል» ይባላል። እርግጥ ነው፤ አዝማሪም የከፈለውን ሁሉ ሊያወድስ ይችላል። ግጥም አስቀድሞ ተጽፎ ከተሰጠው ማሲንቆ መያዙ ብቻ ባህል አያሰኘውም። ስለዚህ ልንወርሰው የሚገባን የመሰጣጠቱን ሥርዓት እንጂ መሣሪያውን ብቻ አይደለም።

የስሜን ተራሮችን ነገር ብንመለከት የዚህ ሥርዓት አስፈላጊነት ይበልጥ ይገለጣል። ብሔራዊ ፓርኩ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1989 ዓ.ም. አደጋ ከተጋረጠባቸው ቅርሶች ዝርዝር ገባ፤ በ2009 ዓ.ም. ከዝርዝሩ ወጣ። ከመውጣቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በፓርኩ ውስጥ የነበረው የግጭ መንደር ሕዝብ ወደ ደባርቅ ከተማ ዳር እንዲሰፍር ተደርጓል። በ2011 ዓ.ም. ጓሳውና አስታው በተቃጠለ ጊዜም የአካባቢው ሰው፥ ወጣቱ ጭምር፥ ተራራ ወጥቶ ከእሳቱ ጋር ታግሏል። እንግዲህ ወጣቱ ለዚያ ተራራ ግድ የለውም ማለት አይቻልም። ነገር ግን ስለ ዋልያና ስለ ጭላዳ የሚዘፈነውን ያህል፥ ከግጭ ወርዶ በደባርቅ ሥራ ስለሚፈልገው ልጅ አይዘፈንም። ዋልያው ይኑር ዘንድ አያቱ ያረሰውን መሬት የለቀቀው እርሱ ነው። ያን ልጅ «ተቀበል» ከማለት በፊት «ስጥ» ልንለው ይገባል። የሚሰጠው ግጥም ሊመረን ይችላል፤ ሆኖም ያለ እርሱ ቃል የተራራው ታሪክ ጎደሎ ነው።

እንደዚህ ያለ መራራ ነገር በኪነ ጥበብ ሊነገር እንደሚችል የጎንደር ተወላጅ የሆነው ኃይሌ ገሪማ አሳይቶናል። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተባለው ፊልሙ ስለ አየር ንብረት የተሠራ አይደለም፤ ስለ ባላባትና ስለ ጭሰኛ ነው። ቢሆንም ቀንበሩን፣ በሬዎቹንና የቀኑን ድካም ሳይቸኩል ያሳየናል፤ ከብት የምትጠብቀውም ልጅ የባላባቱን ላም ከደራሽ ውሃ ለማዳን ስትል ትሞታለች። እውነቱንም የሚናገረው መሬቱን ያጣና እንደ እብድ የሚቈጠር ሰው ነው። በፊልሙ ውስጥ ከከተማ መጥቶ ገበሬውን የሚገሥጽ መካሪ የለም፤ ተመልካቹ ራሱ ፍርድ እንዲሰጥ ይገደዳል። የእኛ ድራማ መካሪውን ልጅ አስወጥቶ ገበሬው እስከ መጨረሻው እንዲናገር ቢፈቅድ፥ የወገራው ጓደኛዬ ጥያቄ በመድረኩ ላይ ቦታ ባገኘ ነበር።

ምናልባት አንባቢ፥ «ጊዜው አጭር ነው፤ በረዶውና ደራሽ ውሃው ክርክራችንን አይጠብቅም፤ የጋራ ዘፈን በአንድ ቀን ብዙ እጅ ይሰበስባል» ይለኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ የሐምሌው ዘፈን ይቅር አልልም። የምለው፥ በሐምሌ የተጀመረው ዘፈን በበጋ ጥያቄ ይከተለው ነው። ለዚህም የተመቸ ጊዜ አለን። ጥምቀት ከተከላው ስድስት ወር ያህል በኋላ፥ ምድሪቱ መድረቅ ስትጀምር ይውላል። በዚያን ጊዜ ወጣቱ በፋሲል መዋኛ ዙሪያ ይሰበሰባል፤ ማንም ሳያዝዘው ግጥም ይገጥማል፥ ይጨፍራል። ከበዓሉ በፊት የየትምህርት ቤቱ ክበብ ሐምሌ የተከለውን ሄዶ ቢቈጥር፥ ያየውንም ራሱ ገጥሞ በበዓሉ ሰሞን ቢያሰማ፥ ለዚህ ሌላ መድረክ መሥራት አያሻም።

ቍጥሩ የሚያሳፍር ቢሆን እንኳ ይነገር። ችግኙ የደረቀው ውኃ የሚያጠጣው ስላጣ ነውን? ከብት ገብቶበት ነውን? ወይስ ባለ መሬቱ ከመጀመሪያውም አልፈለገውም ነበርን? ይህን መርምሮ በራሱ ግጥም የመለሰ ወጣት፥ በሚመጣው ሐምሌ ለመትከል ሲወጣ ለምን እንደሚወጣ ያውቃል። እኛም የኪነ ጥበቡን ዋጋ በጭብጨባው መለካት ትተን፥ ስንቱ ጸደቀ ብለን ለመጠየቅ እንችላለን።