በዓሉን አይተው ባለ እጁን የማያዩ ጽሑፎቻችን

የጉዞ ማስታወሻ የምንለው የጽሑፍ ዓይነት አንድ መልክ ይዞ ቀርቷል። ጸሐፊው የዓባይን በረሃ ወርዶ ይወጣል፤ ደጀንን ያልፋል፤ የጎጃምን ለምነት ያደንቃል፤ ከበዓሉ ይደርሳል። ታቦት ወጣ፣ እልልታው ቀለጠ፣ ጠላው ተቀዳ፣ ጋቢ ተገዛ። አለቀ! በዚህ ዓይነት ሞጣን ከቢቸና፣ ቢቸናን ከአማኑኤል የሚለይ አንዳች ነገር አናገኝም።

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው አማኑኤል ስሟም የታቦት ስም ነው። ታኅሣሥ 28 ዓመታዊው የአማኑኤል በዓል ነው፤ በአራት ዓመት አንዴ ደግሞ ከገና ጋር ይገጥማል። ስለ እንዲህ ያለው ቀን የሚጽፍ ሰው ከበሮውን ይሰማል። የከበሮውን ቆዳ ማን አለፋው ብሎ ግን አይጠይቅም። ጸናጽሉን የቀጠቀጠው፣ የካህኑን ኩታ የሸመነው፣ የጠላውን ጋን የሠራችው ከጽሑፉ ውጪ ናቸው። በዓሉን በዓል ያደረጉት ግን እነሱ ናቸው። በየመንደሩ «ቡዳ»፣ «ፋቂ»፣ «ቁጢት በጣሽ» የሚባሉትም እነሱው። አጤ ምኒልክ ባለ እጅን መስደብ በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎም ስድቡ አልሞተም፤ ጸሐፊዎቻችን ደግሞ በዝምታ ያልፉታል።

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ይህንኑ አገር ሲጽፉ በድግሱና በወጉ ብቻ አልረኩም፤ ጉዱ ካሣን አስነስተው የዘር ኩራቱን አስነቅፈውታል። ልብ ወለዱ የደፈረውን የጉዞ ማስታወሻው ለምን ይፈራል?

በሂማላያ ተራሮች ግርጌ፣ በኔፓሉ የካትማንዱ ሸለቆ፣ ባክታፑር የምትባል በበዓልና በእጅ ሥራ የታወቀች ከተማ አለች። በአዲስ ዓመታቸው ግዙፍ ሠረገላ በየጎዳናው ይጎተታል። ሸክላ ሠሪዎቹ ግን በከተማዋ ውስጥ በስማቸው የሚጠራ አደባባይ አላቸው፤ ገንቦውን እዚያው ፀሐይ ላይ ያሰጡታል፤ እንግዳውም ይህን ሳያይ አይመለስም። የዘር ደረጃ እዚያም አለ፤ ገነት ናት አላልኩም። ሆኖም ሠሪው ከሥራው ጋር ይታያል።

አማኑኤል ገበያ ያየኋት ሸክላ ሠሪ ጀበናዎቿን በገለባ መሐል ደርድራ ዳር ተቀምጣ ነበር። አፈሩን ቆፍራ፣ ወቅጣ፣ ነፍታ፣ ከተፈጨ ገል ጋር ለውሳ በእጇ ታበጀዋለች፤ በድንጋይ ታለሰልሰዋለች፤ በእንጨትና በኩበት ትተኩሰዋለች። እሳት ውስጥ የተሰነጠቀው የእሷ ኪሳራ ነው። አንድ ካሜራ ያንጠለጠለ እንግዳ ጀበናውን አንስቶ፣ አገላብጦ፣ ዋጋውን ግማሽ ድረስ ተከራክሮ ገዛ። ፎቶ ያነሣው ግን ጀበናውን ብቻ ነው።