የኮይል ቅኝት

አክስቴ ከሐይቅ ገበያ ስትመለስ ደጃፏ ላይ ቁጭ ብላ «ልቤ ደከመ» ትል ነበር። ሐኪሙም «የልብ ድካም ነው» አላት። ቃሉ ምን ያህል እውነት እንደያዘ የገባኝ ኮይል መሥራት ከጀመርኩ በኋላ ነው። የተለመደው ኤምአርአይ የልብን ቅርጽና ምት ያሳያል፤ ከድካሙ አንዱ ክፍል ግን የልብ ሕዋስ ነዳጁን ወደ ጉልበት በሚለውጥበት ቦታ ስላለ ከፎቶው ያመልጣል። እኔ የምሠራው እሱን የሚያደምጠውን ኮይል ነው።

ኮይል ደረት ላይ የሚቀመጥ የመዳብ ቀለበት ነው። መዳቡ እዚህም እዚያም ይቆረጥና ክፍተቱ ላይ ካፓሲተር ይበየዳል፤ የሚቃኘውም በካፓሲተሩ ልክ ነው። ባለ 3 ቴስላ ማግኔት ውስጥ የሰውነታችን ሃይድሮጅን በ128 ሜጋኸርዝ ሲናገር፣ እኔ የምፈልገው ካርቦን 13 በ32 ነው።

ካርቦኑ የልብ ሕዋስ እንደ ነዳጅ በሚጠቀምበት ፓይሩቬት ላይ ተጭኖ፣ ከፍጹም ዜሮ 1 ዲግሪ ገደማ ብቻ ከፍ ባለ ብርድ ይሰናዳል፤ በፍል ፈሳሽ ሟሙቶ ለብ ሲል በደም ሥር ይሰጣል። ድምፁ ያኔ ከ10,000 እጥፍ በላይ ይጎላል። ጤነኛ ልብ ከፊሉን አቃጥሎ ባይካርቦኔት ያደርገዋል፤ በሰው ልብ ውስጥ ይህ መታየቱን የቶሮንቶ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 አሳተሙ። ግን ጉላቱ በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ይጠፋል። «አልሰማሁም፣ ድገምልኝ» ማለት የለም።

ለዚህ ነው የኮይሉ የራሱ ጫጫታ የሚያንገበግበኝ። በ128 ሜጋኸርዝ ጫጫታው በአብዛኛው ከታማሚው አካል ስለሚመጣ የሠሪው ስንፍና ይሸፈናል። በ32 ግን እያንዳንዱ ብየዳ ይሰማል። የመጀመሪያዬን በቀጭን የመዳብ ቴፕ ሠራሁት፤ ሲያዩት ያምራል። የጥራት መለኪያው፣ እኛ ኪው የምንለው፣ ለብቻው 160 ነበር፤ የጨው ውሃ የሞላ ጀሪካን ሳስጠጋው 110 ሆነ። ጀሪካኑ ያወረደው ይህን ብቻ ከሆነ፣ ከጫጫታው ሁለት ሦስተኛው የመዳቡ የራሱ ነው ማለት ነው። አፈረስኩት። በወፍራም ሽቦ፣ በግማሽ ብየዳ ደግሜ ስሠራው ጀሪካኑ ኪውን ከ390 ወደ 185 አወረደው፤ ያን ቀን በደስታ ምሳ አልበላሁም።

ቀለበቶቹ ሲበዙ ደግሞ እርስ በርስ ይጠላለፋሉ። ክራር ሲቃኝ ያየ የአምባሰል ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ አንዱን ክር ስትወጥር ቀንበሩ ይሳብና ቀድመህ የቃኘኸው ይረግባል፤ ስድስቱም እስኪስማሙ ትመላለሳለህ። እኔም የሁለት ቀለበቶችን ጠርዝ አደራርቤ በጣቴ ቀስ እያልኩ አንሸራትታለሁ። መለኪያው ላይ ለሁለት የተሰነጠቀው ሸለቆ አንድ ሲሆን እጄን አነሳለሁ።

ፓይሩቬቱን የሚያሰናዳው ማሽን ውድ ነው። ለእኛ አገር የሚቀርበው ፎስፈረስ ነው ብዬ አምናለሁ። መርፌ አይፈልግም፤ የልብን ጉልበት የሚይዙትን ኤቲፒና ፎስፎክሬቲን እንዳሉ ያደምጣል። የጀርመን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1997 እንዳሳተሙት፣ ልባቸው ሰፍቶ ከደከመ ሕሙማን መካከል ፎስፎክሬቲናቸው ከኤቲፒው አንጻር ያነሰባቸው የመሞት ዕድላቸው ከፍ ያለ ነበር። ድምፁ ደካማ ስለሆነ ብዙ ደቂቃ ማድመጥን ይጠይቃል፤ ጥሩ ኮይል ያለው ግን ይሰማዋል።

አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ቀለበት ፎስፈረስ በሚናገርበት በ52 ሜጋኸርዝ የሚቃኝ ነው። ጀሪካኑን ትቼ በትንሿ የጨው ውሃ ጠርሙስ እየቃኘሁት ነው፤ የአክስቴ ደረት ከሲታ ነበር።