የመውጫ ፈተና ውጤት ምን ይመዝናል? ሂሳዊ አስተያየት

የከፍተኛ ትምህርትን ጥራት የሚከታተል ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት በሀገራችን የተቋቋመው በአዋጅ ቁጥር 351/1995 ነው፡፡ በጊዜው በተዘረጋው አሠራር መሠረት እያንዳንዱ ተቋም በቅድሚያ ራሱን ገምግሞ ሰነድ ያዘጋጃል፤ ቀጥሎም የውጭ ገምጋሚዎች ሥፍራው ድረስ ሄደው ሰነዱን ከተግባሩ ጋር ያመሳክራሉ፡፡ አካሄዱ አዝጋሚ ቢሆንም፣ ጉድለቱ ከወዴት እንደሚመነጭ ለመጠየቅ ዕድል ይሰጣል፡፡

ቀደም ሲል በሕግ ትምህርትና በጥቂት መስኮች ተወስኖ የነበረው የመውጫ ፈተና በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ዲግሪ ዕጩዎች በጠቅላላ ሲሰጥ፣ ይህ ምዘና ወደ ሌላ ምዕራፍ ተሸጋገረ፡፡ ለፈተና ከተቀመጡት 150,184 ተማሪዎች መካከል ከመቶ 50ና ከዚያ በላይ ያገኙት 61,054 ነበሩ፤ ይኸውም ከመቶ 40.65 መሆኑ ነው፡፡ በመንግሥት ተቋማት ያለፉት ከመቶ 62.37፣ በግል ተቋማት ያለፉት ደግሞ ከመቶ 17.2 ነበሩ፡፡

ፈተናው ያስገኘው ጥቅም ሊካድ አይገባም፡፡ መምህራን በየተቋሙ የሚሰጡት ነጥብ ወጥነት በሌለው ጊዜ፣ ለሁሉም አንድ መለኪያ መኖሩ ተገቢ ነው፡፡ ይሁን እንጂ ከላይ የተጠቀሱትን አኃዞች የማስተማር ጥራት ማረጋገጫ አድርጎ መውሰድ ስሕተት ነው፡፡ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የሚመደቡት ተማሪዎች በመግቢያ ፈተና ውጤታቸው የተመረጡ ናቸው፡፡ ስለዚህ በሁለቱ ወገን የሚታየው ልዩነት ምን ያህሉ ከማስተማሩ፣ ምን ያህሉ ከተማሪው የቀድሞ ዝግጅት እንደመጣ ጥቅል ውጤቱ ብቻውን አይነግረንም፡፡ ከዚህም በላይ በምርጫ ጥያቄ የተዘጋጀ ፈተና የቤተ ሙከራ ሥራን፣ የመስክ ልምምድንና የመመረቂያ ጽሑፍን ሊመዝን አይችልም፡፡ ፈተናው ብቸኛ መመዘኛ ከሆነ፣ መምህሩ የሚመዘነውን ብቻ ማስተማሩ፣ ተማሪውም የሚጠየቀውን ብቻ ማጥናቱ አይቀርም፡፡

በእኛ አስተያየት ሦስት ነገሮች ቢሟሉ ፈተናው ከፈራጅነት ወደ መካሪነት ሊለወጥ ይችላል፡፡ አንደኛ፣ ውጤቱ በየትምህርቱ ይዘት ተተንትኖ ለእያንዳንዱ የትምህርት ክፍል ይመለስ፡፡ ሁለተኛ፣ ተማሪዎቹ ሲገቡ ከነበራቸው ውጤት ጋር ተነጻጽሮ ይነበብ፡፡ ሦስተኛ፣ የትምህርት ክፍሉ ምን እንዳሻሻለ በጽሑፍ ያቅርብ፤ የውጭ ገምጋሚዎችም በተከታዩ ዓመት ይህንኑ በሥፍራው ያረጋግጡ፡፡

ጉዳዩ የአኃዝ አነባበብ ጉዳይ ብቻ አይደለም፡፡ ፈተናውን ያላለፈ ተማሪ እስኪያልፍ ድረስ ዲግሪውን አያገኝም፡፡ ዓመታቱን አሳልፎ ባዶ እጁን ወደ ወላጆቹ የሚመለሰው እርሱ ነው፡፡ ባልተሟላ ቤተ ሙከራና በተጓደለ መምህር የተማረ ከሆነ ግን የወደቀው ተማሪው ብቻ ነው ማለት አይቻልም፡፡ የጥራት ምዘና ይህንን ለይቶ ካላሳየ፣ የተቋሙን ዕዳ ለተማሪው ከማሸከም አያልፍም፡፡