ከቀዶ ሕክምና በፊት ያሉት ሳምንታት፦ በደኅንነት ቼክሊስቱ ላይ የቀረበ ትችት

የዓለም የጤና ድርጅት የቀዶ ሕክምና ደኅንነት ቼክሊስትን በ2008 እ.ኤ.አ. ይፋ ካደረገ ወዲህ፣ የቀዶ ሕክምና ክፍልን አሠራር የዚህን አንድ ገጽ ያህል የለወጠ ሰነድ ማግኘት ያዳግታል። በስምንት አገሮች ባሉ ስምንት ሆስፒታሎች ተካሂዶ በ2009 የታተመው ጥናት፣ የታካሚዎች ሞት ከ1.5 ወደ 0.8 በመቶ፣ ተከታይ የከፉ ችግሮችም ከ11 ወደ 7 በመቶ መውረዳቸውን አሳይቷል። በአገራችንም ከ2016 እስከ 2020 እ.ኤ.አ. በተዘረጋው የአስተማማኝ ቀዶ ሕክምና ስትራቴጂያዊ ዕቅድ ሰነዱ ሥራ ላይ እንዲውል ተደርጓል። ስለሆነም ይህ ትችት የሚያተኩረው ሰነዱ ባልያዘው ነገር ላይ ነው።

ቼክሊስቱ ማደንዘዣ ከመሰጠቱ በፊት፣ ቆዳ ከመቀደዱ በፊትና ታካሚው ከክፍሉ ከመውጣቱ በፊት የሚሞሉ ሦስት ክፍሎች አሉት። ሦስቱም በአንድ ቀን፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ይፈጸማሉ። ስለ አለርጂ፣ ስለ አየር ቧንቧ፣ ሊፈስስ ስለሚችለው ደም ይጠይቃሉ። የደም ግፊቱ ባለፉት ወራት እንዴት እንደነበረ፣ ስኳሩ መስተካከሉን፣ የሚወሰዱትን መድኃኒቶች ግን ለይተው አይጠይቁም። የማደንዘዣ ባለሙያው የተለየ ሥጋት ካለ እንዲናገር የሚጋብዝ አንድ ነጥብ ቢኖርም፣ በዚያ ሰዓት የሚቀረው ምርጫ ቀጠሮውን መሰረዝ ወይም አደጋውን መቀበል ብቻ ነው።

የዚህን ዋጋ የሚከፍለው ታካሚው ነው። ከደምበጫ ገጠር ለእንቅርት ቀዶ ሕክምና ወደ ፍኖተ ሰላም ወይም ወደ ደብረ ማርቆስ የምትላክ እናት እህል ሸጣ፣ አስታማሚ ይዛ ትነሣለች። «ከእኩለ ሌሊት በኋላ ምንም እንዳትቀምሺ» ስትባል የግፊት ክኒኗንም ትተወዋለች፤ በማግስቱ ግፊቷ 190/115 ተገኝቶ ትመለሳለች። የታይሮይድ ሆርሞን የበዛባትን ታካሚ በመድኃኒት ለማረጋጋት፣ የደም ማነስንም በአይረን ክኒን ለማከም ሳምንታት ያስፈልጋሉ። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ የስኳር ሕመምተኛ ኢንሱሊኑ ቀድሞ ካልተስተካከለለት፣ ጸበል የገባ ሕመምተኛም መድኃኒቱን ማቋረጡ ካልታወቀ፣ ጠረጴዛው ላይ ደርሶ የሚደረግላቸው ነገር ጥቂት ነው።

ወቀሳው ግን በአዘጋጆቹ ላይ ብቻ የሚወድቅ አይደለም። ሰነዱ ሁሉን አቀፍ አለመሆኑንና እንደየአካባቢው ሁኔታ ሊጨመርበት እንደሚገባ በራሱ ግርጌ ተጽፏል። ያልጨመርን እኛ ነን። የብሪታንያ የማደንዘዣ ሐኪሞችና የደም ግፊት ማኅበራት የ2016 እ.ኤ.አ. መመሪያ፣ ባለፉት 12 ወራት በመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና ከ160/100 በታች መሆኑ የተመዘገበ ግፊት ለቀጠሮ ቀዶ ሕክምና በቂ ነው ይላል። ይህም የጤና ጣቢያ ካርድ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ያስረዳል።

በዚህ ጸሐፊ እምነት ቼክሊስቱ አራተኛ ክፍል ያስፈልገዋል፤ የሚሞላውም የሪፈር ወረቀቱ በሚጻፍበት ዕለት፣ በጤና ጣቢያው ነው። አምስት ጥያቄዎች ይበቁታል፦ የደም ግፊት፣ የደም ስኳር፣ የሄሞግሎቢን መጠን፣ የሚወሰዱ መድኃኒቶች በስማቸውና በቀዶ ሕክምናው ዕለት የትኛው እንደሚቀጥል፣ እንዲሁም ጾምና ጸበል። መልሶቹ በጎደሉበት ሕክምናው ወዲያው ይጀመራል። ካንሰርን የመሰለ ጊዜ የማይሰጥ ሕመም ግን ቁጥሮቹ እስኪያምሩ ሊጠብቅ አይገባም። ወረፋው በወራት የሚቆጠር ታካሚ ሳይዘጋጅ ጠረጴዛው ላይ ቢደርስ፣ ያጠፋነው የእርሱን ጊዜ ነው።