ሁለት ዓይን ያለው ጠላት

የዓለምን ጥፋት የሚተርኩ ኮሚኮች ብዙውን ጊዜ የሚደነቁት በፍርስራሻቸው ነው፤ በተሰበረው ድልድይ፣ ሰው በሌለበት ጎዳና፣ አመድ በሸፈነው ሰማይ። ፍርስራሽ መሣል ግን ለጎበዝ ሠዓሊ አይከብድም። ከባዱ ከፍርስራሹ መካከል ብቅ የሚለውን የማይታወቅ ሰው ፊት መሣል ነው። ዴሚያን ደፊ ለኮሚክ ያዘጋጀውና ጆን ጄኒንግስ የሣለው «የዘሪው ምሳሌ» መመዘን ያለበትም በዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመውና በ2021 የሁጎ ሽልማት ያገኘው ይህ መጽሐፍ መሠረቱ የኦክታቪያ በትለር የ1993 ልቦለድ ነው። ታሪኩ የሚጀምረው በ2024 ነው። ሎረን ኦላሚና የምትባል ወጣት፣ በሎስ አንጀለስ አቅራቢያ ያለው የታጠረ ሰፈሯ ተቃጥሎ ቤተሰቧን ካጣች በኋላ፣ አውራ ጎዳናውን ይዛ በእግሯ ወደ ሰሜን ትጓዛለች።

መንገደኞቹ ኦክላንድንና ሳን ሆዜን አያዩም። የመሬት መንቀጥቀጥ አካባቢውን እንዳመሰው ሲሰሙ በሌላ መንገድ ዞረው ያልፋሉ። ለዚያ አካባቢ ነዋሪ ይህ ባዶ ፈጠራ አይደለም። በ1989 የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ኦክላንድ ውስጥ ባለ ሁለት ደርብ አውራ ጎዳና ንዶ 42 ሰዎች ሞተዋል። በ1991 በከተማዋ ኮረብታዎች የተነሣው እሳት 25 ሰዎችን ገድሏል። ኮሚኩ በወጣበት በ2020 ሴፕቴምበር ላይ ደግሞ የሰደድ እሳት ጭስ የአካባቢውን ሰማይ ብርቱካንማ አድርጎት ውሏል። እዚያ ለሚኖር አንባቢ ፍርስራሽ ብቻውን አዲስ ነገር አይነግረውም።

ኢትዮጵያዊው አንባቢ የራሱም መመዘኛ አለው። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በ44 ትንንሽ ሥዕሎች ከፋፍሎ በአማርኛ ጽሑፍ እያጀበ የሚተርከውን ሸራ በምግብ ቤት ግድግዳ ላይ ያየ ሰው፣ የኮሚክን አነባበብ ስሙን ሳይሰማ ለምዶታል። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ሙሉ ፊቱን ከነሁለት ዓይኑ ይሣላል፤ ከሓዲና ሰይጣን ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን። ተመልካች ከክፉው ጋር ዓይን ለዓይን አይገጥምም።

በትለር ይህን መሸሻ ዘግታዋለች። ሎረን የሌላውን ሕመም ስታይ በገዛ አካሏ ይሰማታል፤ ሊገድላት የመጣውን ስትመታ ምቱ እሷንም ይጥላታል። ልቦለዱ ይህን በቃል ይነግረናል። ሥዕል ግን የመቺንና የተመቺን ፊት ጎን ለጎን ማኖር ይችላል። የጄኒንግስ ሻካራ መስመር ማንንም አያሳምርም፤ ዘራፊውም ተዘራፊዋም በአንድ እጅ፣ በአንድ ዓይነት ድንጋጤ ተሥለዋል። ጠላት እዚህ ሁለት ዓይን አለው።

መጽሐፉ የሚደክመው በሥዕሉ ላይ ያለው እምነት ሲላላ ነው። ከሎረን ማስታወሻ የተወሰደው ረጅም ጽሑፍ ገጾቹን ያጨናንቃል። የጉዞው ድካም በዝምታ ሊታይ በሚገባበት ቦታ አንባቢው መንገዱን ማየት ትቶ ስለ መንገዱ ያነባል።

ይህ ጉድለት ግን የመጽሐፉን ዋና ጥያቄ አያደበዝዘውም። መንገደኞቹ በየጊዜው የሚጠጋቸውን እንግዳ ይቀበሉት ወይስ ይመልሱት እንደሆነ መወሰን አለባቸው። ሎረን ከሁለት ሰዎች ጋር የጀመረችው ጉዞ፣ ሕፃን የያዙ ባልና ሚስትን ጨምሮ፣ ያላወቀቻቸውን እያስጠጋ ይሰፋል። በመተማ አድርጎ በሱዳን በረሃ የወጣ ስደተኛ ይህን ውሳኔ ያውቀዋል። ዛሬ በሕይወት ያለው ያኔ አንድ የማያውቀው ሰው ፊቱን አይቶ ስላስጠጋው ሊሆን ይችላል።