የራባቱ ሰነድና የሮሂንጋ ሙስሊሞች

እ.ኤ.አ. በ2012 በሞሮኮ ከተማ በራባት የተሰበሰቡ ባለሙያዎች በተባበሩት መንግሥታት ሥር ያወጡት ሰነድ የቆየ ጥያቄ ለመመለስ የተነሳ ነበር። የ1966ቱ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን በአንቀጽ 20 በዘር ወይም በሃይማኖት ጥላቻ ለአድልዎና ለጥቃት ማነሳሳት በሕግ ይከልከል ይላል። ታዲያ ከዚህ ደረጃ የሚደርሰው የትኛው ንግግር ነው? ሰነዱ ስድስት መመዘኛ አስቀመጠ፦ ወቅቱ፣ የተናጋሪው ማንነት፣ ዓላማው፣ የንግግሩ ይዘት፣ የስርጭቱ ስፋትና ጉዳት የማስከተሉ ዕድል።

ሰነዱ ሃይማኖትን መዳፈር የሚቀጡ ሕጎች እንዲሻሩም ይመክራል። ይህ ከአንባቢያን መካከል ቅር የሚያሰኘው አይጠፋም። ነገር ግን ምያንማርን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ2015 የቡድሃን ሥዕል የሙዚቃ ማዳመጫ አድርገውለት ለመጠጥ ቤት ማስታወቂያ ያዋሉ 3 ሰዎች ሁለት ዓመት ተኩል ተፈረደባቸው። ሙስሊሞችን በእብድ ውሻ ይመስል የነበረው መነኩሴ ዊራቱ ግን በ2012 ከእስር ከተፈታ በኋላ የመያዣ ትእዛዝ የወጣበት በ2019 ነው፤ ያውም አውንግ ሳን ሱ ቺን ዘለፈ ተብሎ! ሕጉ ለሥዕሉ ቆመ፤ ለሰዎቹ አልቆመም።

የሰነዱ ድካም ሌላ ቦታ ነው። ስድስቱም መመዘኛዎች አንድ ተናጋሪ ፊታቸው ቆሞ ያዩታል። በፌስቡክ ላይ ግን ንግግሩን ለማን እንደሚያደርስ የሚመርጠው የኩባንያው ኮምፒውተር ነው፤ ብዙ ሰው የነካካውንም ያስቀድማል። የስርጭቱን ስፋት ስንመዝን ያሰራጨውን ለምን አንመዝንም? ሮይተርስ በ2018 እንደዘገበው በ2015 መጀመሪያ ላይ በኩባንያው በበርማኛ የተጻፈውን የሚመረምሩት 2 ሰዎች ብቻ ነበሩ። ከነሐሴ 2017 ጀምሮ ከ700,000 በላይ ሮሂንጋዎች ወደ ባንግላዴሽ ተሰደዱ። በሚቀጥለው ዓመት ኩባንያው በቂ እንዳልሠራ ራሱ አመነ።

ቃል ኪዳኑም ቢሆን ማንን ይይዛል? ምያንማር አልፈረመችውም። የኩባንያው አገር አሜሪካ በ1992 ስታጸድቀው አንቀጽ 20 ላይ ገደብ አስቀመጠች። እንግዲህ የተበዳዩም የአሰራጩም አገር ከአንቀጹ ውጭ ሆኑ ማለት ነው። የቀረው የ1948ቱ የዘር ማጥፋት ስምምነት ነበር፤ በእርሱም መሠረት ትንሿ ጋምቢያ በኅዳር 2019 ምያንማርን ሄግ አቆመቻት። ያ ፍርድ ቤት የሚዳኘው መንግሥታትን ብቻ ስለሆነ ኩባንያው በተከሳሽ ወንበር ላይ የለም።